ሦስት ኪሎ ውሃ

"ይውረዱና እንደገና ይውጡ፣ አባባ" አለች ነርሷ ሚልካ።

አቶ ስብሐት ከሚዛኑ ወርደው ጫማቸውን አወለቁ። የኪሳቸውን ቁልፍ ሳይቀር ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሙሉእመቤት አስይዘው ተመልሰው ወጡ። ሚዛኑ ግን አልራራላቸውም፤ ከማክሰኞው የኩላሊት እጥበት ወዲህ ሦስት ኪሎ ጨምረዋል።

"ውሃ ጠጥተዋል።"

"ማርያምን አልጠጣም" አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ተቆጥተው። "የምለካለት እኔ ነኝ። በቀን ግማሽ ሊትር ብላችኋል፣ ሻዩም ሾርባውም ከዚያችው ላይ ይቀነሳል።"

አቶ ስብሐት ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

"ሲተኙ ያፍናቸዋል?"

"ትናንት ቁጭ ብሎ ነው ያደረው።"

ሚልካ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። "እማማ፣ የኔና የእርስዎ ኩላሊት የበዛውን ውሃ በሽንት ያስወጣል፣ ሲያንሰን ደግሞ ይቆጥብልናል። የእሳቸው ይህን መሥራት አቁሟል። የጠጡት ሁሉ እኛ በማሽን እስክናወጣው እዚያው ነው። መጀመሪያ እግር ያሳብጣል፣ ከዚያ ሳንባ ይገባል። በዚህ ከቀጠሉ አንድ ቀን እዚህ ሳይደርሱ ትንፋሽ ሊያጥራቸው ይችላል።"

"እኮ ምን ጠጥቶ? ጠዋት ጠዋት ከምሰጠው ጠበል በቀር ከልኩ ያለፈ ነገር አፉ አይገባም።"

የሚልካ እስክሪብቶ ቆመ። "ምን ያህል ነው?"

"አንድ ጆግ ናት። ጠበል ደግሞ እንደ ውሃ አይቆጠርም።"

"እኔ ጴንጤ ነኝ እማማ፣ ስለ በረከቱ አልናገርም" አለች ሚልካ ቀስ ብላ። "ሚዛኑ ግን ይቆጥረዋል።"

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ለአርባ ዓመት ባላቸው ባስነጠሱ ቁጥር ሲደነግጡ የኖሩ ሴት ናቸው፣ እንግዲህ ምን ይበሉ? ማሽኑ ሥራውን ሲጀምር ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው አለቀሱ።

"በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ።"

"አንተስ ታውቅ ነበር?"

"ጠርጥሬያለሁ። ግን ገና ሳይነጋ የቁስቋምን ዳገት ወጥተሽ፣ በዚያ ጉልበትሽ ተሸክመሽ ያመጣሽውን አልጠጣም ልበልሽ?" አሉ አቶ ስብሐት ፈገግ ብለው። "ደግሞ አልዋሽሽም፣ ጥማቱም አለ።"

"ሞኝ" አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት፤ የያዙትን የባላቸውን እጅ ግን አለቀቁም።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወይዘሮ ሙሉእመቤት እንደ ልማዳቸው ቁስቋም ወጥተው ቢጫዋን ጀሪካን ሞልተው ተመለሱ። አቶ ስብሐት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ፣ ጆጉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ልማድ ሆኖባቸው ነው እንጂ የትናንቱን አልረሱትም። ሙሉእመቤት ጆጉን ተቀብለው መስኮቱ ላይ አኖሩት።

"ሸሚዝህን አውልቅ።"

"በዚህ ብርድ?"

"ከዛሬ ጀምሮ ትጠመቃለህ እንጂ አትጠጣም።"

ለእጥበቱ መርፌ የሚገባበትን ክንዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው አሰሩላቸው። ጀሪካኑን ከፍ አድርገው ማፍሰስ ሲጀምሩ አቶ ስብሐት በብርዱ ተንቀጠቀጡ፣ ምላሳቸው ግን በከንፈራቸው ጥግ ብቅ አለች።

"አፍህን ግጠም።"

"ገጥሜያለሁ።"

"አላመንኩህም" አሉ ሙሉእመቤት። ከዚያም በግራ መዳፋቸው የባላቸውን አፍ ጥርቅም አድርገው ይዘው፣ በቀኛቸው ማፍሰሱን ቀጠሉ።