ወድቆ ዳኛ መጠበቅ

የልጅ ልጄ ርግጫ አይታማም። ዘጠኝ ዓመት በኪክ ቦክሲንግ ስትራገጥ ኖራ "መዶሻ" የሚል ስም አወጡላት። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ስለሆንኩ፣ ብትማታም ብትመታም የሚያመው እኔን ነው።

ባለፈው ዓመት መጥታ ኪክ ቦክሲንግ በቃኝ፣ ወደ ቅይጡ ማርሻል አርት ልገባ ነው፣ ያውም በፕሮፌሽናልነት አለችኝ። መርገጥም፣ መምታትም፣ ጠልፎ መጣልም፣ ማነቅም የሚፈቀድበት፣ በሽቦ አጥር ውስጥ የሚደረግ ግጥሚያ ነው። ሰው ከወደቀ በኋላስ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት። ዋናው ነገርማ የሚጀምረው ያኔ ነው አለችኝ፣ እየሳቀች። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል እሰማለሁ እንጂ፣ ተረቱን ሕግ አድርገው የሚጫወቱት ጨዋታ መኖሩን አላውቅም ነበር።

እንቢ ብላት እንደማትሰማኝ ስለማውቅ አብሬያት መሄድ ጀመርኩ። የሚሠለጥኑበት አዳራሽ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ነው። አሠልጣኙ ጥግ ላይ ወንበር ሰጠኝና፣ ምንም ባይ ድምፄን እንዳላሰማ በትህትና ለመነኝ።

ቆማ የሚችላት የለም። አንዲት ትግል የምታውቅ ልጅ እግሯን ይዛ ስትጥላት ግን፣ ጀርባዋ ምንጣፉን እንደነካ ፍዝዝ ትላለች። አንዲት ቅጽበት ናት፤ ለመታነቅ ግን ትበቃለች። አሠልጣኙ ጉልበቷን ጠረጠረ፣ ትንፋሿን ጠረጠረ። እኔ ያየሁት ዓይኗን ነበር። ወደ ላይ ዳኛ ይፈልጋል። በኪክ ቦክሲንግ ሰው ሲወድቅ ዳኛው መሃል ገብቶ ያስቆማል፣ የወደቀውም ይነሳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተነሳችው እንደዚያ ነው። ይህን ለአሠልጣኙ ብነግረው ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ ስድስት ሳምንት የፈለገው እሱን ኖሯል።

እኔ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለች ስትወድቅ፣ ከማልቀሷ በፊት ቀና ብላ የምታየው እኔን ነበር። እኔም እኔን! እኔን! እያልኩ ሮጬ አነሳታለሁ። የመጀመሪያው ዳኛ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየጣሉ ራሷ እንድትነሳ አለማመዷት፤ አንዳንዴ ይሳካላታል፣ አንዳንዴ ዓይኗ ይሸሻል። የመጀመሪያው ግጥሚያዋ ቀን ደረሰ። አዘጋጆቹ ያስፈረሟት ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ነው፤ ካሸነፈች ሦስት ይጨምሩላታል፣ ከተሸነፈች ደህና ሁኚ ነው።

ከአጥሩ ሥር፣ ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ተጋጣሚዋ አንገቷ ከትከሻዋ የማይለይ ታጋይ ናት። ደወሉ ሲደወል የኔዋ ጭኗን ረገጠቻት፤ አዳራሹ አስተጋባ። ደገመቻት። ሰው ሁሉ "መዶሻ! መዶሻ!" ይል ጀመር፤ እኔም ሳላስበው አብሬ እላለሁ። በሦስተኛው ርግጫ ታጋይዋ እግሯን በአየር ላይ ቀለበችና ከመሬት ደባለቀቻት።

ልጄ በጀርባዋ ተንጋላ ዳኛውን ቀና ብላ አየች፤ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ከማየት በቀር ምንም አላደረገም። ቡጢው መውረድ ሲጀምር ዓይኗ ከዳኛው ዞሮ በሽቦው በኩል እኔ ላይ አረፈ። እጄ አጥሩን ጨብጧል፤ ልወጣበት ምንም አልቀረኝ።

"አልመጣም!" አልኳት። "ማንም አይመጣልሽም፣ የኔ እናት፤ ራስሽ ተነሺ!"

ዓይኗ ተመለሰ። ዳሌዋን አዞረች፣ ጉልበቷን በመካከላቸው አስገብታ ገፋቻት፣ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ እየታከከች ቆመች። አዳራሹ ሊፈርስ ነው። ታጋይዋ እንደገና እግሯን ልትይዝ ጎንበስ ስትል፣ የልጅ ልጄ እግር ከየት እንደመጣ ሳላይ ጆሮ ግንዷ ላይ አርፎ ዘረራት። አሁን ዳኛው እየሮጠ መሃል ገባ፤ በቃ አለ።

ከዚያ የማስታውሰው አንድ ሰው ከኋላዬ ቀሚሴን ሲጎትተኝ ነው።

"እማማ፣ ይውረዱልን እንጂ፣ አልታየንም።"

ለካ ወንበሩ ላይ ቆሜያለሁ። እንዴት እንደወጣሁ እግዜር ይወቅ። ተነስቶ እንዲያይ ነገርኩትና፣ አሠልጣኙን ተጣርቼ የሚቀጥለው ግጥሚያ መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት።