ያላጠረው ሲጋር

በቅምሻው ላይ የነበርነው አራት ነን፤ ሰብሳቢው አቶ ቢተው፣ ጣዕም መርማሪዋ ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ሲጋሩን ያመጡት የትምባሆ ገበሬ አቶ ሎምባሞ፣ አነዳደዱን የምከታተለው እኔ ትርንጎ። ሲጋሩ ተለኮሰ፤ ተጨሰም። ሲጋሩ ግን አላጠረም። አቶ ቢተው አጠሩ።

ሲጋሩን ከውጭ የጠቀለለው ልባስ ጥቁር ቅጠል ነው፤ ወዛም፣ መጋጠሚያው በጣት የማይዳሰስ። ሦስታችን ዳኞች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን በየተራ እንስበዋለን። ገበሬው ይመለከታሉ እንጂ አያጨሱም። በመጀመሪያው ዙር ወይዘሮ ምንትዋብ የተቆላ ገብስና የጥቁር አዝሙድ ቃና አገኙ። እኔም እሳቱ ዙሪያውን በእኩል እንደሚሄድ አረጋገጥኩ።

«ጠረጴዛውን ማን ከፍ አደረገው?» አሉ አቶ ቢተው።

«ጠረጴዛው እንዳለ ነው፣ ጋሽ ቢተው» አልኩ። በማስመሪያ ለክቼው ነበር።

ወደ ገበሬው ዞሩ። «ሎምባሞ፣ ምን ጨመርክበት?»

«ቅጠሉን ከምሬ አብላላሁት፤ ሌላ ምን አለኝ? የዘንድሮ ምርቴ በሙሉ ይኸው ቅጠል ነው። ዛሬ ካላለፈ ለከብት እንኳ አይሆን።»

ቀጥሎ ጥርጣሬው ወደ እኛ መጣ።

«አንቺ ምንትዋብ፣ ስትስቢ ታስረዝሚያለሽ። ሰብሳቢነቴን ፈልገሽ ነው?»

«ምን ያደርግልኛል? አሁንም ቁልቁል ነው የማይዎት።»

ያልተፈተሸ ጥርጣሬ አልወድም። ስለዚህ ሲጋሩን ሳልስብ ይዤው ቆየሁ፤ አቶ ቢተው አልተለወጡም። ወይዘሮ ምንትዋብ ሳቡ፤ የሰብሳቢው ደረት ከጠረጴዛው በታች ወረደ። እኔ ሳብኩ፤ አገጫቸው ጠርዙ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብዬ ከስር አየሁ። ጫማዎቻቸው በአመድ ተሞልተዋል፤ አመዱም ነጣ ያለ፣ ያልተሰነጠቀ፣ እንዲያው የሚመሰገን ነው።

«ያምዎታል?» አልኳቸው።

«የለም። ይሞቃል።»

ቅምሻው እንዲቆም ሐሳብ አቀረብኩ። አቶ ሎምባሞ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

«ሲጋር ግማሽ ላይ አይፈረድበትም ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት! የአጎቴን ቅጠል እስከ ቁራጩ አጭሰው አይደል ውድቅ ያደረጉት? የእኔ ሲሆን ሊቋረጥ ነው?»

አቶ ቢተው በየተራ አዩን። «ሰብሳቢው ፈራ ልትሉ ነው።»

«ምን አልን?» አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ሲጋሩን እንደያዙ።

«ገና አላላችሁም። አፋችሁ ላይ ግን ደርሷል።»

አንድ ችግር ቀረ። የሲጋር እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው በመጨረሻው ሲሶ ነው። ይህ ሲጋር የመጨረሻ ሲሶ አልነበረውም። አቶ ቢተው ግን ነበራቸው። በእሳቸው ሲሶ እንዲፈረድ ሐሳቡን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ማናችን ቀድመን እንዳሰብነው ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ቀጠልን። ቃናው ወደ ማር አደላ፤ ምሬት አልነበረውም። ወይዘሮ ምንትዋብ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ። እኔ የዘለልኩት ተራ የለም።

«ያልፋል የምትሉ እጅ አውጡ» የሚል ድምፅ ከጠረጴዛው ስር መጣ።

እኔ አወጣሁ። ወይዘሮ ምንትዋብ አወጡ። አቶ ሎምባሞ ድምፅ የመስጠት መብት ባይኖራቸውም አወጡ። ከዚያ በጠርዙ በኩል የአቶ ቢተው እጅ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አንጓው ላይ ቀጭን የፍም ቀለበት ነበር፤ ዙሪያውን በእኩል እየበላ ወደ ጣቶቹ ይወጣል።