ከሰሌኑ በታች

ጋረደው የጉድጓዱን አፍ ሊከፍት ዶማውን ሲያነሳ ጎረቤቱ ዘሐራ ከጎጆዋ ደጃፍ ሆና ታየዋለች። የለበሰችውን ቶብ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ቆመች።

በሱዳን ምድር፣ በዶካ ዙሪያ፣ በዚያ ጥቁር መሬት ላይ፣ ክፉ ቀን ያየ ሰው ማሽላውን ከመሬት በታች ይቀብራል። መጥሙራ ይሉታል። ጉድጓዱ በገለባ ተለብጦ እህሉ ይሞላበታል፤ ከላዩ ገለባ፣ ከገለባው ላይ አፈር ይከመራል። አየር ካልነካው ዓመት ዓመትን ይሻገራል። አንዴ ከተከፈተ ግን ቶሎ መውጣት አለበት፤ መልሰው ቢደፍኑት ይነቅዛል፣ ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል። ጋረደውና ዘሐራ በረሃቡ ዘመን ከአርማጭሆ አብረው የተሰደዱ ናቸው። ጉልበት ስላጠራቸው አንድ ጉድጓድ ለሁለት ቆፈሩ። የእሷ ማሽላ ቀድሞ ተወቅቶ ስለነበር ከታች ገባ፤ የእሱ ከላይ። በመካከሉ ሰሌን አነጠፉበት።

«እትዬ ዘሐራ፣ የእርስዎን አልነካም» አለ ጋረደው። «ሰሌኑ ላይ ስደርስ እቆማለሁ።»

«ሰሌን አየር ይከለክላል እንዴ?»

«ነገ የነጋዴው የጣሃ ሎሪ ይመጣል። ከፈለጉ የእርስዎንም አብረን እንሽጠው። በመኸር ሲረክስ እጥፉን ይገዛሉ።»

«እኔን የሚያስተኛኝ እህሉ ከእግሬ ሥር መሆኑ ነው። ሟቹ ልጄ የተወልኝን ሁለት ሕፃናት ገንዘብ ቀቅዬ ላበላቸው ነው?»

ዶማው አፈሩን ገመሰው።

የዚያን ዓመት የሱዳን መንግሥት ከእህል ገበያ እጄን አንስቻለሁ ብሎ ነበር። በክፉ ቀን ጎተራ የሚከፍተውም ያው እጅ እንደነበር ግን ትንፍሽ አላለም። ጠግበው የሚያድሩ ምሁራን በራዲዮ ገበያ ራሱን በራሱ ያርማል እያሉ ሰበኩ። የማን ልጅ እስኪሞት ድረስ እንደሚታረም የጠየቃቸው የለም። ጋረደው ራዲዮ ባይኖረውም ጣሃ ነበረው። ጣሃ ገዳሪፍ ላይ እህል የሚነግድ ያገር ልጅ ነው። ማሽላ እንዲህ ተወዶ አያውቅም፤ ሸጠህ አህያና የሚጎትተው ካሮ ግዛ፣ ውሃ እያዞርክ ሸጥ፣ የሰው እርሻ ማረም ይብቃህ አለው። ደግሞም፦ «ያላየሁትን አልገዛም። መጀመሪያ ክፈተው።»

ከፈተው። ጆንያውን ይዞ ሊመጣ የነበረው ሎሪ በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ጋረደው በአውቶቡስ ገዳሪፍ ገባ። ጣሃ ሱቁ ደጃፍ ሻይ ይጠጣል።

«ጋረደው! አህለን! ና ሻይ ጠጣ።»

«ሎሪውሳ?»

«ዋጋው ወረደ። ወደቡ ላይ እህል የጫነ መርከብ ገባ አሉ።»

«ቃል ሰጥተኸኝ አልነበር?»

«ቃል የሰጠሁህ በዚያኛው ዋጋ ነው። ሱቅ ሁር ነው ወዳጄ፣ ነፃ ገበያ! አንተን ሽጥ ብሎ ያስገደደህ አለ? ታዲያ እኔን ግዛ ብሎ ማን ያስገድደኛል?»

«በግማሹ ውሰደው በቃ። ጉድጓዱ ተከፍቷል እኮ።»

ጣሃ ስኳሩን አማሰለ። «ድፈነዋ።»

«የተከፈተ መጥሙራ እንደማይደፈን አባትህ አልነገረህም?»

«አባቴማ ገበሬ ነበር» አለ ጣሃ። «ድኻ ሆኖ ሞተ፣ አላህ ይማረው።»

ጋረደው ሎሪ ሊከራይ ዞረ። የጠየቁት ኪራይ ከእህሉ ዋጋ በለጠ። ባዶ እጁን ሲመለስ ሰማዩ በስተ መተማ በኩል ጠቁሮ ነበር፤ ዶካ ሳይደርስ ዝናቡ ቀደመው። ሚስቱ ብፅአትና ዘሐራ የጉድጓዱን አፍ በላስቲክ ሸፍነው፣ ነፋሱ እንዳይወስደው ጠርዙ ላይ በየፊናቸው ተኝተውበታል። ውሃው ግን ላስቲኩን መቼ ፈለገው። የአፈር ክምሩ ከተነሳበት፣ በጋ ከሰነጠቀው ጥቁር መሬት፣ በየስንጥቁ ወረደ።

«ነጋዴው ባሌ መጣህ?» አለች ብፅአት ፊቷን ሳታዞር። «ያዛ በዚያ በኩል!»

ዝናቡ ሲያባራ ጋረደው ወረደ። የላይኛው ተጣብቆ ሊጥ ሆኗል። ሰሌኑን ሲገልጠው ከሥር ትኩስ እንፋሎት ወጣ፤ እንደ ጥንስስ ይሸታል። የዘሐራ ማሽላ አብጦ ማጎንቆል ጀምሯል። ዘሐራ በቅርጫት እየተቀበለች ደጇ ላይ አሰጣችው። ሰማዩ ለቀናት ሳይገለጥ ከረመ፣ የተሰጣውም ሻገተ።

ሐምሌ ሲጋመስ ማሽላ ተመልሶ ተወደደ፤ የጣሃ መጋዘን ተከፈተ። ሎሪውም በመጨረሻ ዶካ መጣ። እህል ሊጭን አልነበረም፤ ወደ ሀዋታ እርሻ አራሚ ሊወስድ ነው። ዘሐራ ልጆቹን አስቀድማ ተሳፈረች።

«እትዬ ዘሐራ» አለ ጋረደው የሎሪውን ጎን ይዞ። «እባክዎ ይርገሙኝ።»

«ምን ብዬ? የራስህን ነው የከፈትከው። አልነካም ብለህ አልነካህም።»

እርግማን ይሻለው ነበር።

ሾፌሩ መሪው ላይ እንዳለ አንገቱን አወጣ። «ሰው በዝቷል! የቀን ክፍያው በግማሽ ቀንሷል! ያልፈለገ ይቅር፣ ነፃ ነው!»

ማንም ንቅንቅ አላለም። ትንሹ ልጅ የአያቱን ቶብ ይዞ ዳቦ ይጠይቃል። ጋረደው ጉድጓዱን የከፈተበትን ዶማ ወደ ላይ አቀብሎ፣ እሱም ተንጠላጥሎ ወጣ። ከዘሐራ ፊት ለፊት ካለው ቦታ በቀር ክፍት አልነበረም፤ እዚያው ተቀመጠ።