ሦስት ቦታ የታደሰችው ላንድክሩዘር

ሾፌር አለሜ ካረፉ በኋላ ላንድክሩዘራቸው ከግቢዋ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ግቢው ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መኪናዋ ድሮ የአንድ እርዳታ ድርጅት ነበረች። ድርጅቱ ከላስታ ሲወጣ፣ ዕድሜ ልካቸውን የነዷት አለሜ በጨረታ ገዝተው አስቀሯት። ከዚያ ወዲያ እህሉንም፣ ቄሱንም፣ ወላዱንም፣ ሬሳውንም ስትጭን ኖራለች። እሳቸው ታመው ሲሞቱ ግን ቁልፏን የሚያነሳ ጠፋ። ክረምቱ ከላይ፣ የግቢው ጭቃ ከታች ሆነው ቀስ እያሉ በሏት። ከጎማ በላይ ያሉት ፓራፋንጎዎቿ እንደ ወንፊት ተበሳሱ፤ የበሮቿ ግርጌ እየተፈረፈረ ረገፈ፤ ኮፈኗ ላይ ዝገቱ እንደ ቋቁቻ ተዛመተ። የባለቤታቸው የእማማ ወለተ ሐና ዶሮዎች ከኋላ ወንበሯ ሥር እንቁላል ይጥሉ ነበር።

ሦስቱ ልጆች ስለ መኪናዋ አንድ ዓይነት አስተያየት ነበራቸው። በሌላ ነገር ተስማምተው ስለማያውቁ ይህ ራሱ ይገርማል። በኩሩ ጋሻዬ ላሊበላ ከተማ ውስጥ ሆቴል አለው፤ እንግዶቹን ወደ ገዳሙ ይዞ ሲያልፍ የእናቱን ግቢ እንዳያዩ በወዲያኛው መስኮት በኩል ያለውን ተራራ ያሳያቸዋል። «እማዬ፣ ይህን ቆርቆሮ ለቁራሌው ስጪልኝ፤ ስም ያሰድባል» ይላል። ጋሸና መገንጠያው ላይ ምግብ ቤት ያላት አስቻለች በመጣች ቁጥር ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በሩቁ ታልፋታለች። የመጨረሻው ይታገሱ ፍላቂት መምህር ነው፤ እሱ ነገሩን የሚያየው በሳይንስ ነበር። መንጋጋ ቆልፍ ታመጣለች ይላል።

እንዲህ እንዲህ ሲሉ፣ አረጋ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው መጣ።

አረጋ ሱሪው ከላይ እስከ ታች ኪስ የሆነ ጎልማሳ ነው። ወደ ገዳሙ ሲሄድ ላንድክሩዘሯን ከመንገድ አይቶ ወደ ግቢው ገባ። ዞራት። በጣቱ አንኳኳት። ተንበርክኮ ሥሯን አየ፤ ከዚያ ፎቶ አነሳት። እማማ ወለተ ሐና የሆነ ነገር የጠፋበት መስሏቸው ቆመው ጠበቁት።

«እማማ፣ ይህችን መኪና እንዳይሸጧት» አላቸው ጉልበቱን እያራገፈ። «እንደዚህ ያለችው አሁን የለችም። ቦዲዋ በደንብ ከታደሰ ስንት ፈላጊ አላት መሰለዎት።»

«ዶሮዎቹስ?» አሉ እማማ።

«ዶሮዎቹን ያስወጧቸው።»

ስልክ ቁጥሩ ያለበትን ካርድ ሰጥቷቸው መንገዱን ቀጠለ። እማማ ነገሩን ለጎረቤት እንደ ቀልድ አወሩት። ጎረቤት ለጋሻዬ ነገረው። ጋሻዬ ለማንም እንዳትተነፍሺ ብሎ ለሚስቱ ነገራት፤ ስለዚህ አስቻለችና ይታገሱ በማግስቱ ያውቁ ነበር።

ቅዳሜ ሦስቱም ግቢው ውስጥ ተገናኙ። ማንም ማንንም አልጠራም። ጋሻዬ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አስቻለች በነጠላዋ ጫፍ መስተዋቱን እየወለወለች ታለቅሳለች። ይታገሱ ስለ ቅርስ ጥበቃ ይናገራል።

«እዚህ ላይ ያለው የአባቴ ላብ ነው» አለ ጋሻዬ።

«እኔን እማዬ የወለደችኝ እዚች መኪና ውስጥ ነው» አለች አስቻለች።

«አንቺን የወለድኩሽ ጓዳ ውስጥ ነው» አሉ እማማ ወለተ ሐና። «መኪናዋ የመጣችው ዳዴ ስትዪ ነው።» ደግሞም ጨመሩ። «ወለሏ ተበልቶ የአባታችሁ እግር መሬት ሲነካ ለሦስታችሁም ደውሎ ነበር። አንድ ላሜራ አስበይዱልኝ ብሎ። ሐኪም ቤት ሲመላለስ የከረመው በሰው መኪና ነው፣ እየለመነ።»



«ያኔ ኔትወርኩ አስቸጋሪ ነበር» አለ ይታገሱ።

«በጣም» አለ ጋሻዬ። አስቻለችም ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ጠቡ ተጀመረ። ሦስቱም መኪናዋን እኔ ነኝ የማሳድሳት አሉ፤ ያሳደሳት ሰው ባለቤቷ እንደሚሆን ሁሉም ገብቶታል። ነገሩ ዱላ ለመማዘዝ ሲቃረብ እማማ የንስሐ አባታቸውን ቄስ ወልደ ኪዳንን አስጠሩ። ቄሱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሦስቱንም እስኪበቃቸው አዳመጡ። በመጨረሻ ታከታቸው።

«እንግዲያው ለሦስት ተካፈሏታ። አንዱ ፊቷን፣ አንዱ መሐሏን፣ አንዱ ኋላዋን ይውሰድ።»

ይህን ያሉት ተስፋ አድርገው ነው። ከሦስቱ አንዱ ልቡ ይነካል፣ ከምትበጣጠስስ ለወንድሜ ትሁን ይላል፣ እኔም ለእሱ እፈርድለታለሁ ብለው ነበር። ጠበቁ።

«ፊቷ የበኩሩ ልጅ ድርሻ ነው» አለ ጋሻዬ።

«ጣሪያው ከበሮቹ ጋር ይቆጠራል ወይስ ለብቻው ነው?» አለች አስቻለች።

ይታገሱ ከኪሱ ሜትር አወጣ። ቄሱ የቀረቻቸውን ተስፋ ይዘው ወደ እናትየው ዞሩ።

«ለእኔ ጎማዎቹን ይተዉልኝ፣ አባቴ» አሉ እማማ። «በጉ ጎመኔን ጨረሰብኝ፤ ማጠሪያ አጥቻለሁ።»

መኪናዋን የፈታታት ሸዕባን ነው። ሸዕባን ጋሸና ላይ ጋራዥ ያለው፣ የመኪና ቦዲ የሚጠግን ባትላሜራ ነው። ሥራውን ያውቃል፤ ወሬው ግን ከሥራው ይበልጣል፤ ደንበኛ ማስከፋት ደግሞ ጨርሶ አይሆንለትም። የዛጉትን ብሎኖች በግራይንደር እየቆረጠ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎዎቹንና የፊት መከለያውን ለጋሻዬ፣ ጣሪያውንና በሮቹን ለአስቻለች፣ የኋላውን ሳጥን ለይታገሱ አከፋፈለ። የሥር አጽሟ የሆነው ሻንሲውና ሞተሩ ግቢው ውስጥ ቀሩ። ሞተር እንዳላት ያነሳ ሰው አልነበረም። ሦስቱ ልጆች ድርሻ ድርሻቸውን አሳድሰው ከመስቀል በኋላ ሊገጥሟትና አረጋን ጠርተው ሊሸጡለት ተስማሙ።

ያንኑ ሳምንት ጋሻዬ ለሸዕባን ደወለ። «የእኔን የምትሠራው አንተ ነህ። ለእነሱ እንዳትነግር፤ እነሱ የሚመጥናቸውን ይፈልጉ።» ሸዕባን ኢንሻላህ አለ። አስቻለች ምግብ ቤቷ ጠርታ ሻይ ጋበዘችውና ያንኑ ነገረችው፤ ኢንሻላህ አላት። ይታገሱ በሚኒባስ ከፍላቂት መጥቶ፣ ሥራው በምስጢር እንዲያዝ ከአደራ ጋር ነገረው። ሸዕባን ከጋራዡ ጀርባ ሦስት ሸራ ወጠረ፤ በየሸራው ሥር አንድ አንድ ድርሻ ከተተ። በሌሎቹ ሸራዎች ሥር ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም። እያንዳንዱ የሚመጣው የራሱን ሊያይ ነው።

ጋሻዬ ሲመጣ ዝገቱ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ፓራፋንጎዎቹ በአዲስ ላሜራ ተበይደው አገኛቸው። ራቅ ብሎ አያቸውና ፊቱን ኮሶ አስመሰለ።

«ጠበቡ።»

«ልካቸው ነው ጋሼ። አሮጌዎቹን ላያቸው ላይ አጋድሜ ነው የቆረጥኩት።»

«የአባቴ መኪና ደረተ ሰፊ ነበረች። ልጅ ሆኜ ፊቷ ቆሜ አስታውሳለሁ።»

«ልጅ ሆነው ስለቆሙ ይሆናል ጋሼ።»

ጋሻዬ ይህን አልወደደውም። ሸዕባን መልሶ ቆረጠና በየጎኑ አንድ አንድ ስንዝር ጨመረበት።

አስቻለች የበሮቹ ግርጌ በአዲስ ላሜራ እስኪተካ መጠበቅ አልፈለገችም። «የቀሚስ ጫፍ ሲነትብ ምን ይደረጋል? ቆርጦ ማጠፍ ነው» አለችው። ያጥራሉ እትዬ ቢላት፣ ባላጋራ እየመሰለ እንዳይከራከራት ነገረችው። ቆርጦ አጠፈው። ይታገሱ ከኢንተርኔት ያወረደውን ፎቶ ይዞ መጣ። የሌላ ሞዴል ፎቶ ነበር፤ ሸዕባን ሊነግረው ሲጀምር ይታገሱ ከጥናት ጋር እንዳይጣላ መከረው። የኋላው ሳጥን በፎቶው ልክ ከፍ አለ።

የቀለሙ ነገር ከዚህ የባሰ ነበር። ጋሻዬ አባቱ የነዱት አረንጓዴ መኪና መሆኑን በመስቀል ይምላል። አስቻለች ነጭ ነው አለች። ይታገሱ ክሬም። እንደ እውነቱ ከሆነ አለሜ የሰው ቤት ተቀብቶ የተራረፈውን ቀለም ሁሉ ይቀቧት ስለነበር ሦስቱም አልዋሹም። ሸዕባን ለእያንዳንዳቸው «ቀለም ያውቃሉ» አላቸው፤ የጎደጎደውን ሁሉ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ በየምርጫቸው ቀብቶ፣ ፊት እስኪያሳይ ወለወለው።

መስቀል አለፈ። ሦስቱም ድርሻቸው ወደ እናታቸው ግቢ እንዲጫንላቸው ለሸዕባን ነገሩት። ሸዕባን ለምን ሦስቴ ልመላለስ ብሎ ሁሉንም አንድ አይሱዙ ላይ ጫነ። አይሱዙው ግቢው ደርሶ ሸራው ሲገለጥ ሦስቱ ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር።

«የእነሱንም የሠራኸው አንተ ነህ?» አለ ጋሻዬ።

«ማን ሊሠራው ኖሯል?» አለ ሸዕባን። «ከዚህ እስከ ወልዲያ ባትላሜራ ማን አለ?»

መግጠም ተጀመረ። ሰፊው ደረት ሻንሲው ላይ ሲቀመጥ እንደ ትልቅ ወንድም ኮት ወዲያና ወዲህ ተረፈ። የአስቻለች በሮች ሲዘጉ ከሥራቸው ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። የይታገሱ ሳጥን ጣሪያውን በክንድ ያህል በልጦ ከኋላ ተንጠራራ። ሸዕባን ለማግባባት መዶሻ አነሳ፤ አንዴ ቢመታው ስቱኮው እንደ ግድግዳ ልስን ተላጦ ወረደ።

«ረዥም ያደረግኸው አንተ ነህ!» አለች አስቻለች ይታገሱን።

«እኔ በጥናት ነው የሠራሁት። አንቺ ነሽ የከረከምሽው።»

«ሁለታችሁም አባቴን አታውቁትም» አለ ጋሻዬ።

«ለየብቻቸው ሲታዩ እኮ ያምራሉ» አለ ሸዕባን።

በሽቦ አሰሯት። ሲመሽ ቄስ ወልደ ኪዳን ሊባርኩ መጡ፤ መስቀላቸውን ይዘው አንድ ጊዜ ዞሯት፤ ደግሞ ዞሯት።

«ፊቷ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ጋሻዬ ይህን እንዳልሰማ ሆኖ አረጋ ጋ ደወለ። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው። ላሊበላ፣ ነአኩቶ ለአብ መንገድ ላይ፣ ዶሮ የነበረባት ላንድክሩዘር ብሎ አስረዳው።

«ወንድሜ፣ ዶሮ የሌለባት አሮጌ መኪና አይቼ አላውቅም» አለ አረጋ። «የቷ ትሆን?»

«ቦዲዋ ይታደስ ያሉን። እገዛለሁ ያሉን።»

«እገዛለሁ አላልኩም። ፈላጊ አላት ብዬ ይሆናል፤ ሁሉም ጋ የምለው ነው፣ ሰው ደስ እንዲለው። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ የራሴንም መኪና የማቆምበት የለኝ። የምሰበስበው ፎቶ ነው። እስቲ አንድ ፎቶ ላኩልኝ።»

ይታገሱ ጥሩ ጎኗን ፈልጎ አጣ፤ እንዲሁ አንስቶ ላከለት። ከቆይታ በኋላ መልስ መጣ። «ምን ደረሰባት?» ይላል።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ ልጆች እየተሸሸጉ ተራ በተራ መጥተው ድርሻቸውን ፈተው ወሰዱ። ሻንሲውንና ሞተሩን፣ ለድካሙ ማንም ምንም ስላላለው፣ ሸዕባን ጎትቶ ወሰደው። ጋሻዬ ሰፊውን ደረት ሆቴሉ መግቢያ ላይ እንግዳ መቀበያ አደረገው፤ መብራቶቹ ይበራሉ፤ ቁልፍ የሚሰጠው ሠራተኛ ከኮፈኑ ኋላ ይቆማል። አስቻለች በሮቹን ለምግብ ቤቷ ማድ ቤት ገጠመቻቸው፤ አጭር ስለሆኑ ወጥ የሚያወጡት ሴቶች እግር ከሥር ይታያል። ይታገሱ ሳጥኑን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የቅርስ ማዕዘን ብሎ አቆመው፤ ክረምት ላይ ውኃ ያቁራል፣ በጋ ላይ ተማሪዎች የሸንኮራ ልጣጭ ይጥሉበታል። ሦስቱም ለጠየቃቸው ሁሉ እውነተኛዋ የአባታቸው መኪና እነሱ ጋ ያለችው እንደሆነች፣ የሌሎቹ ስቱኮ እንደሆነ ያስረዳሉ።

ለሾፌር አለሜ ሰባተኛ ሙት ዓመት ሦስቱም መጡ። የተቀመጡት በድንኳኑ ሦስት ማዕዘን ነው። ቄስ ወልደ ኪዳን ጠላቸውን ጨርሰው ወደ እማማ ወለተ ሐና ጠጋ አሉ።

«ልጆቹ አልታረቁም?»

«አልታረቁም አባቴ» አሉ እማማ። «ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል።»

«በምን?»

«ጥፋቱ የሸዕባን ነው ይላሉ።»