ጥቁሩ መስኮት በዱርሲቱ ሰርግ

በሪሁን ኮምፒውተርን በማውዝ የሚያዝ ሰው ብዙም አይጥመውም። ጠቁሞ ጠቅ ማድረግ ለሕፃናትና ለአለቆች ነው ባይ ነው። እሱ የሚሠራው በጥቁሩ መስኮት ነው፤ ትእዛዙን በፊደል እየጻፈ፣ ኢንተር የሚለውን ቁልፍ እየመታ። አዲስ አበባ በሚገኘው መሥሪያ ቤቱ ሌላው በሁለት ጠቅታ የሚገላገለውን ነገር እሱ በሦስት መስመር ትእዛዝ ይፈጽምና፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ያየው ሰው እንዳለ ዙሪያውን ይቃኛል። እስካሁን ያየው የለም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ፌኔትን የወደደው። ፌኔት የኦቦ ጎበና ሁለተኛ ልጅ ናት። ኦቦ ጎበና ከቡራዩ ወጣ ብሎ፣ ገፈርሳ አጠገብ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ባረሱት መሬት ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቀርተዋል። በሪሁን በወጉ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ በመስከረም ሄዱ፤ «እንመካከርና እንነግራችኋለን» ተባሉ። በኅዳር ሄዱ፤ ምክክሩ አላለቀም። በታኅሣሥ ሲሄዱ ደግሞ «የታላቋ የዱርሲቱ ሰርግ ይለፍ» ተባሉ። አንድ ጊዜ እንመካከር ማለት ያለ ነው፤ ልጅ እንደ ሽንኩርት ተመዝና አትሰጥም። ሦስት ጊዜ ሲሆን ግን በሪሁን እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን የጠሉኝ ኦሮምኛዬ ስለሚያስቅ ነው ይላል፤ እውነትም ያስቃል። ሌላ ቀን የሰበታ ልጅ ስለሆንኩ ነው ይላል። ደግሞ ሌላ ቀን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖር፣ የራሱ ቤት የሌለው ሰው ስለሆንኩ ነው ይላል። ሰውየውን ራሳቸውን መጠየቅ ግን አይቻልም፤ ያ የሽማግሌዎቹ ሥራ ነው።

በሰርጉ ቀን የዱርሲቱን የልጅነት ፎቶዎች በትልቅ ስክሪን ለእንግዳ ማሳየት ታሰበ፤ ፌኔትም ይህን የሚያውቅ ሰው አለኝ አለች። በሪሁን የቆዩትን ፎቶዎች ሊቀበል ወደ ቤታቸው በሄደ ቀን ኦቦ ጎበናን አጥሩ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ» አለ።

ሰላምታውን በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» አሉት በአማርኛ።

ይህን ጥያቄ ሲጠየቅ በሪሁን መልስ ማሳጠር አይሆንለትም። በኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ፕሮግራሞች እንዳሉ፣ አንዱ ሌላውን በቀጥታ እንደማያነጋግር፣ ሁሉም መልእክቱን ለአንድ አገናኝ እንደሚሰጥ፣ አገናኙ አድርሶ መልሱን ይዞ እንደሚመለስ፣ እሱ ደግሞ በጥቁሩ መስኮት ሆኖ ማን ለማን ምን እንዳለ እንደሚያይና የተበላሸውን እንደሚያቃና ዘርዝሮ ነገራቸው።

«እነሱም ሽማግሌ ይላላካሉ በለኛ» አሉ ኦቦ ጎበና።

«ልክ ነው፣ አባባ።»

«መልሱ ከዘገየስ?»

«ላኪው ይጠብቃል። ከቆየበት ግን ስህተት ነው ብሎ ይተወዋል።»

«ስንት ወር ይጠብቃል?»

«ሃያ አምስት ሰከንድ።»

«አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው» አሉ ኦቦ ጎበና።

በሪሁን ይህን ነገር ኮዬ ፈጬ እስኪደርስ ድረስ አላመጠው። ቀልድ ይሁን ቁርጥ መልስ ሊለይለት አልቻለም።

የሰርጉ ዕለት ግቢው ውስጥ ትልቅ ድንኳን ተተከለ። ስክሪኑ ከሙሽሮቹ መቀመጫ ጎን ቆመ፤ በሪሁን ደግሞ ጥግ ላይ ላፕቶፑን ይዞ ተሰየመ። ዱርሲቱ በሁለት ዓመቷ፣ ዱርሲቱ ጥርሷ ወልቆ፣ ዱርሲቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ፤ ፎቶዎቹ እየተፈራረቁ እንግዳው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ኦቦ ጎበናም አንድ ሁለቴ ወደ በሪሁን ዞር ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛሬ ያለ ስህተት ከዋልኩ ነገሩ ያልቃል አለ በሪሁን በልቡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

እሱ ያልጠረጠረው ስልኩን ነው። በሪሁን ስልክ ከኪስ ማውጣት ስለሚሰለቸው ወደ ስልኩ የሚገባ መልእክት ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ብቅ እንዲል ካደረገ ቆይቷል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ሁሉ ደግሞ ዛሬ ስክሪኑ ላይ አለ። እናም ዱርሲቱ በሰባት ዓመቷ ጥጃ አቅፋ ሳለ፣ ከጥጃው ጆሮ በላይ አንድ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤

«ኤርምያስ፦ ስትቀመጥ ተጠንቀቅ፣ ሱፌን እንዳትቀድብኝ።»

ኤርምያስ የሰበታ አብሮ አደጉ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ያሰባሰበውም እሱ ነው። የሚዜዎቹ ወገን በሳቅ ፈነዳ። በሪሁን የተዋሰውን ሱፍ እጅጌ ሳብ ሳብ አደረገ።

እዚህ ላይ ሦስት መንገድ ነበረው። ስልኩን ማጥፋት ይችላል። በማውዝ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጎ መልእክቶቹ ብቅ እንዳይሉ መዝጋት ይችላል። የስክሪኑን ገመድ መንቀልም ይችላል። ሦስቱንም አልፈለገም። እሱ መልእክቱን የሚያመጣው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ በስሙ ለይቶ በሥርዓቱ ዝም ሊያሰኘው ፈለገ። ስለዚህ ጥቁሩን መስኮት ከፈተና ዲባስ ሞኒተር የተባለውን ትእዛዝ ጻፈ። ይህ ትእዛዝ በዚያ አገናኝ በኩል የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ፣ ከላኪው እስከ ተቀባዩ፣ ከነቃሉ እየዘረገፈ ያሳያል። ሰው ያየዋል እንዳይባል ነገሩ እንግሊዝኛና ቁጥር ነው፤ ማን ያነበዋል? ባለፈው ቀን ግን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሥልጠና ሲሰጥ፣ ከኋላ ለተቀመጡት እንዲታይ ፊደሉን አግዝፎት ነበር። እንደገዘፈ ነው ያለው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

ጥቁሩ መስኮት ከዱርሲቱ ፎቶ ፊት ተዘረጋ። ነጫጭ የእንግሊዝኛ መስመሮች መሮጥ ጀመሩ፤ እንግዳውም የሰርጉ ፕሮግራም አካል መስሎት አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉ ቅራቅንቦ መሐል፣ ክንድ በሚያህል ፊደል፣ ጥርት ያለ የኤርምያስ አማርኛ ወጣ፤

«የሴቷ አባት ዛሬስ ምን አሉ? አሁንም እንመካከር ነው? ከማን ጋር ነው የሚመካከሩት፣ ከበሬዎቻቸው ጋር?»

ጭብጨባው ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ወደ ኦቦ ጎበና ዞረ። እሳቸው ያለ መነጽር ከቅርብም አያነቡም፤ መነጽራቸውን ደግሞ ከሱፍ ጋር አይሄድም ብለው ቤት ትተውታል። ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጉታ ዘንበል አሉ።

«ምን ይላል?»

«እንግሊዝኛ ነው» አሉ ጉታ፣ ስክሪኑን ትኩር ብለው እያዩ።

በሪሁን ማቆሚያውን ተጫነ። ትእዛዙ የሄደው ግን ወደ ፎቶዎቹ ነበር፤ ዱርሲቱ ጥጃ እንዳቀፈች ቆማ ቀረች፣ ጥቁሩ መስኮት ግን መሮጡን ቀጠለ። ደግሞ ተጫነ። ፎቶዎቹ በሩጫ ማለፍ ጀመሩ፤ ዱርሲቱ በዐይን ጥቅሻ አሥር ዓመት አደገች። ላቡ በኤርምያስ ሱፍ ውስጥ ወረደ። ማውዝ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ትዝ አላለውም።

ፌኔት ከሙሽራዋ አጠገብ፣ ከሚዜዎቹ መሐል ተቀምጣለች። ከመቀመጫዋ ስክሪኑን ማየት አይመቻትም፤ የሚታያት በሪሁን ብቻ ነው፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ። ስልኳን ከጠረጴዛው ሥር አወጣችና፣ አንገቷን ደፍታ፣ ማንም እንዳያያት ተጠንቅቃ ጻፈችለት። ላከችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሏ በጥቁሩ መስኮት ላይ በዚያው ግዙፍ ፊደል ተዘረገፈ፤

«ተረጋጋ። አባዬ አይጠላህም። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የመጡ ቀን ነው የወደደህ። የሚመካከረው ከእናቴ ፎቶ ጋር ነው። አንዷ ሱሉልታ፣ አንዷ ኮዬ ፈጬ አግብታ ከሄደች እኔስ ራቴን ከማን ጋር ልብላ ሲላት ሰምቼዋለሁ። እንዳትነግርበት።»

የሰርጉን ሙዚቃ በኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ሊያነብ ዞር ሲል ጣቶቹ ቆሙ። ድንቅቱ የምትባለዋ የኦቦ ጎበና እህት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ፌኔት ቀና አለች፤ ሰው ሁሉ አንዴ አባቷን አንዴ እሷን ሲያይ አየች፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተንጠራርታ ዞረች፣ አየችም። ፊቷን በያዘችው አበባ ሸፈነች።

በሪሁን እስከዚህች ደቂቃ ድረስ የተጨነቀው ለራሱ ነበር። አሁን ግን መልእክቱን አንብቦ ሲጨርስ ያ ጭንቀት ጥሎት ሄደ። አንድ ትልቅ ሰው ማንም በሌለበት ለሚስታቸው ፎቶ የተናገሩትን ነገር እሱ በመንደሩ ሁሉ ፊት ዘርግፎታል። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ተነሥቶ የስክሪኑን ገመድ በእጁ ነቀለው።

ኦቦ ጎበና ከመቀመጫቸው ተነሡ። በጠረጴዛዎቹ መሐል ቀስ ብለው መጥተው ላፕቶፑ አጠገብ ቆሙ።

«ጉታ እንግሊዝኛ ነው አለኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ድንቅቱ ግን ታለቅሳለች። ድንቅቱ ከመቼ ወዲህ ነው እንግሊዝኛ የምታውቀው?»

«ይቅር በሉኝ፣ አባባ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጥፋቱን ኋላ እንመለስበታለን። አንብብልኝ።»

በሪሁን ስልኩን አወጣ። የኤርምያስን መዝለል ይችል ነበር፤ ይህ ሁሉ ሰው አንብቦት ሳለ እሳቸው ብቻ ሳያውቁ መቅረታቸው ግን የባሰ መሰለው። ከበሬዎቹ ጀመረ።

ኦቦ ጎበና ጢማቸውን ደባበሱ። «በሬዎቹማ እሺ ካሉ ቆዩ» አሉ።

ቀጥሎ የፌኔትን አነበበላቸው፤ ለሁለቱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳይዘል። «እንዳትነግርበት» የሚለውንም አነበበው። ኦቦ ጎበና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እናቷ ናት ያስቸገረችኝ» አሉ። «ሁልጊዜም ቶሎ አትወስንም ነበር።»

በሪሁን ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ይኼ ኮዬ ፈጬ የምትሉት» አሉ ኦቦ ጎበና፣ «በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

«ከአሸዋ ሜዳ መርካቶ ነው፣ አባባ። ከመርካቶ ቃሊቲ። ከቃሊቲ ኮዬ።»

«እኔ ከመርካቶ ወዲያ አላውቅም። እዚያ ስደርስ ሰው ቢጠፋብኝስ?»

«መርካቶ ድረስ መጥቼ እኔ እቀበልዎታለሁ» አለ በሪሁን።

ኦቦ ጎበና ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ የተዋሰውን ሱፍ፣ የጨበጠውን ገመድ፣ ላቡን። «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ኪቦርዱን የሚጫወተውን ልጅ ምን ያቆምሃል በሚል ዓይን ገላመጡትና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በፌኔት በኩል ሲያልፉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ መርካቶ፣ ቃሊቲ፣ ኮዬ እያሉ እንዳይረሳቸው ይደግሙታል።