የማይንቀሳቀሰው ኮምፒውተር

"ይቺ እኮ መጫወቻ ናት" አለ ጃርሶ፣ ሚስቱ በአንድ እጇ ያነሳቻትን ትንሽ ላፕቶፕ በአገጩ እያመለከተ። "ሰው ቢያስነጥስባት ትወድቃለች።"

"ቀላል መሆኗን ነው እኮ የፈለግኩት" አለች ለንሳ። ላፕቶፗን እንደ ደብተር ደረቷ ላይ አቅፋ ሞከረቻት። "ባኮ ድረስ ይዣት ልወርድ አይደል? በቆሎ መሃል ቆሜ ቁጥር ላስገባባት?"

"ቁጥሩን በወረቀት ትይዢዋለሽ። ቤት ስትመጪ እዚህ ላይ ትገለብጪዋለሽ።" ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ጥቁር ሳጥን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ፕሮሰሰሩን ተመልከቺ። ራሙ ደግሞ የዚያችን እጥፍ እጥፍ ነው። ለምርምር የሚሆነው ጉልበት ያለው ነው። አይደለም እንዴ፣ መርጋ?"

የሱቁ ባለቤት መርጋ፣ ጃርሶ ስፖርት ያስተማረው ልጅ ነው። ያኔ ሜዳ ለሜዳ ስላስሮጠው ዛሬ ሱቅ ከፍቶ፣ ሚስት አግብቶ እንኳ አይደፍረውም። "ጉልበት ካሉ እንግዲህ ዴስክቶፑ ነው፣ ቲቸር" አለ፣ አንዴ ወደ ባል አንዴ ወደ ሚስት እያየ። "ግን ሥራው የሚያንቀሳቅስ ከሆነ..."

"ሥራው ጉልበት ነው የሚፈልገው" ብሎ ቆረጠው ጃርሶ።

እውነቱን ለመናገር ጃርሶ ፕሮሰሰር የሚባል ነገር ካወቀ አንድ ቀኑ ነው። ትናንት ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ለሚስቱ ጀርባውን ሰጥቶ ዩቲዩብ ላይ ሲያጠና ነው ያመሸው። ራም፣ ኮር፣ ግራፊክስ ካርድ፤ የእግር ኳስ ዳኝነት ኮርስ ሲወስድ እንኳ እንደዚያ አላጠናም። ያጠናው ታዲያ ለሚስቱ ምርምር ተጨንቆ አይደለም። ላፕቶፕ ቤት አይቀመጥም። ቦርሳ ውስጥ ይገባና ይወጣል፣ ላይብረሪ ይሄዳል፣ ካፌ ይቀመጣል፣ ባኮ ይወርዳል፤ በሄደበት ሁሉ ደግሞ ሶፎንያስ የሚባል ሰው አለ። ዴስክቶፕ ግን ሳሎን ነው የሚውለው። ዴስክቶፕ ላይ የምትሠራ ሴት ቤቷ ናት።

ሶፎንያስ ከለንሳ ጋር በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር የሆሳዕና ልጅ ነው። አማካሪያቸው አንድ፣ ጥናታቸውም አንድ ነው፤ በባኮ ዙሪያ በቆሎን የሚያደርቀው በሽታ። ለንሳ ከጃርሶ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ስታስተምር ኖራ ዘንድሮ ነው ለትምህርት የወጣችው። ከወጣች ወዲህ እራት ላይ "ሶፎንያስ እንዳለው" ሳትል ያለፈችበት ቀን የለም። ጃርሶ ሰውየውን አንዴ በሩቁ አይቶታል፤ መነጽር ያደረገ፣ ነፋስ የሚወስደው ቀጭን። እሱ ራሱ ደግሞ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። ይህን እያነጻጸረ ሊጽናና ይሞክርና፣ ለንሳን የሚያስቃት የትከሻ ስፋት አለመሆኑ ትዝ ሲለው ማነጻጸሩን ይተወዋል።

ለንሳ ላፕቶፗን ወደ ቦታዋ መለሰች። ገንዘቡ ሁለቱም ከጣሉት እቁብ የወጣ ነውና እምቢ ማለት ትችል ነበር። ባሏን ትክ ብላ አየችው። እሱ ዓይኑን ወደ ሳጥኑ አሸሸ።

"እሺ" አለች። "አንተ ያልከው ይሁን።"

እንዲህ በቀላሉ ትስማማለች ብሎ አልጠበቀም። ባጃጅ ውስጥ ሞኒተሩን ጭኑ ላይ፣ ሳጥኑን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ወደ ቤት ሲመለስ ዋንጫ የበላ አምበል ይመስል ነበር። ሳሎኑ ጥግ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተከለው። አቧራ እንዳይነካውም ዳንቴል አለበሰው።

ደስታው ሳምንት አልሞላም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹን ልምምድ አሠርቶ ሲገባ ደጃፉ ላይ የወንድ ጫማ አየ። ቡናማ፣ ጠበብ ያለ፣ ጭቃው በወረቀት ተጠርጎ በሥርዓት የተቀመጠ። በሩን ሲገፋው ሶፎንያስ በእሱ ወንበር ላይ፣ እሱ ራሱ ተሸክሞ ባስገባው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሏል። ለንሳ በርጩማ ስባ ከጎኑ ተቀምጣለች።

"እንዴት ዋሉ፣ ጋሼ ጃርሶ!" ሶፎንያስ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ተነሳ። "ማሽኑ ድንቅ ነው! እርስዎ ነዎት አሉ የመረጡት።"

ጋሼ! ቢበልጠው ሁለት ሦስት ዓመት ነው።

"ምን እግር ጣለህ?" አለ ጃርሶ።

"ቁጥሩን አንድ ላይ ነው የምናስገባው" አለች ለንሳ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "በፊት ላይብረሪ ነበር የምንገናኘው። አሁን ፋይሉ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ደግሞ አይንቀሳቀስም።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ላይብረሪው ውስጥ ቢያንስ ሌላ ተማሪ ነበር። ጃርሶ ሰውየውን በገዛ እጁ ጎትቶ ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠው። ያውም እንግዳ አድርጎ! ደንዲ ወረዳ፣ አባቱ ቤት ሲያድግ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር እንግዳ ሳይቀምስ እንደማይወጣ ነው። የተጣላህ ሰው እንኳ ደጅህ ከደረሰ መጀመሪያ ይበላል፣ ጠቡ ከዚያ በኋላ ነው።

"ታኢ፣ ታኢ፤ ቁጭ በል" አለ ሳይወድ በግዱ።

ለንሳ ጓዳ ገብታ በሳህን ጩኮ ይዛ ወጣች። ጃርሶ ሳህኑን ገና ሲያይ አወቀው። ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ አሽታ የሠራችው እናቱ ናት። ከደንዲ በሰው የላከችው ለእሱ ነው። እንዳያልቅበት ብሎ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ጫፍ ብቻ ነበር የሚቀምሰው።

"ብላ እንጂ፣ አትፈር" አለች ለንሳ እንግዳውን።

"ኧረ ይሄ ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም!" አለ ሶፎንያስ።

"ጩኮ ነው" አለ ጃርሶ። "እናቴ ናት የሠራችው። ለእኔ።"

"እጃቸው ይባረክ!" ሶፎንያስ ማንኪያውን ሞልቶ ደገመ።

ከዚያ ወዲህ ያ ጫማ ደጃፉን ለመደው። ጃርሶም ስልኩን የሚነካካ መስሎ ሶፋው ላይ ይቀመጥና ጆሮውን ወደ እነሱ ይጥላል። የሚያወሩት አይገባውም። ሲስቁ ግን ይሰማዋል፤ እያንዳንዱ ሳቅ እሱ የሌለበት ድግስ ነው።

"ምንድን ነው እሱ? ለእኛም ንገሩን እንጂ" አለ አንድ ቀን፣ ፈገግ ለማለት እየታገለ።

"ምን መሰለህ" አለች ለንሳ፣ ከሳቋ ብዛት ያቀረረውን እንባ እየጠረገች። "ሶፎንያስ አንዱን ገበሬ የማሳህ ስፋት ስንት ነው ቢለው፣ 'እኔ ሳርስ ይጠባል፣ ሚስቴ ስታርም ይሰፋል' አለው። እሱም ሰውየው ያለውን እንዳለ ጽፎት ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ!"

ጃርሶ ሳቀ። እሱ መሳቅ ሲጀምር ግን እነሱ ጨርሰው ወደ ሥራቸው ተመልሰው ነበር።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። ያ ሁሉ ጉልበት፣ ያ ሁሉ ራም እጥፍ ብሎ ጭጭ አለ። ጃርሶ በልቡ "ተመስገን" አለ፤ እንግዲህ እንግዳው ተነስቶ ይሄዳል። ሶፎንያስ ግን ቦርሳውን ከፍቶ የራሱን ላፕቶፕ አወጣ፤ ሱቅ ውስጥ ለንሳ ካቀፈቻት የማትበልጥ ትንሽ ናት። ስክሪኗ ስለማይበቃ ሁለቱ ተጠጋግተው ጎንበስ አሉባት። ጨለም ባለው ሳሎን ውስጥ የሚታየው የሁለቱ ፊት ብቻ ነው። በትልቁ ስክሪን ፊት መሃላቸው ሌላ ሰው ያስቀምጥ ነበር። አሁን የለንሳ ሹሩባ የሰውየውን ትከሻ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቅናቱ ደረቱን እንደ ቃር አቃጠለው።

"ሻማ ላምጣ?" አለ ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ።

"አይቸገሩ ጋሼ" አለ ሶፎንያስ ቀና ሳይል። "ይታየናል።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ለንሳ ሻንጣዋን አወጣች። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወደ ባኮ ትነሳለች፤ የምትመለሰው ከወር በኋላ ነው። ጃርሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ልብስ ስታጣጥፍ ያያት ጀመር።

"እና ቁጥሩን በምንድን ነው የምታስገቢው?"

"በሶፎንያስ ላፕቶፕ ነዋ። ቀን ማሳ እንውላለን፣ ማታ ለሁለት እሷ ላይ እንሠራለን።"

"ማታ?"

"ማታ።"

"የት ሆናችሁ?"

"እንግዳ ማረፊያ አለ። አዳራሹ ውስጥ፣ ወይ ከሁለታችን አንዳችን ክፍል።"

"ሌላ ሴት የለችም?"

ለንሳ ያጠፈችውን ሹራብ አስቀመጠችው። "ጃርሶ፣ ቀንተሃል አይደል?"

"እኔ? በዚያ ነፋስ በሚወስደው?"

"ሱቅ ውስጥ ራም፣ ራም ስትል ነው ያወቅኩብህ። የስልክህን ቻርጀር የምትጠይቀው እኔን፤ ራም ከየት መጣ? እዚያው ልናገርህ እችል ነበር። ዝም ያልኩት ተማሪህ ፊት ላዋርድህ ስላልፈለግኩ ነው።"

ጃርሶ መካድ ፈለገ፤ ፊቱ ግን ቀድሞ አሳጥቶት ነበር።

"ያቺን ላፕቶፕ ገዝተን ቢሆን" አለች፣ "የራሴን ይዤ፣ ክፍሌን ዘግቼ እሠራ ነበር። ከሰው ጋር አንድ ስክሪን ላይ ያጣበቅከኝ አንተ ነህ። ከዚያ ደግሞ መልሰህ ማታ የት ናችሁ ትለኛለህ!"

"ለንሳ..."

"ስማኝ። ዲግሪው ቢቀር ይቀራል፣ የማስተምረው ክፍል አላጣም። በጥርጣሬ ዓይን እየታየሁ ግን አብሬህ አልኖርም። ይህን እወቀው።" ሻንጣውን ዘጋችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ ጠዋት ለንሳ አማካሪዋን ለማግኘት ስትወጣ ጃርሶ ትምህርት ቤት ደውሎ አስፈቀደ። ዳንቴሉን ገፎ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ሲመጣ ቀልሎት የነበረው ዴስክቶፕ ሲመለስ ከበደው። ባጃጁ ገበያውን አቋርጦ መርጋ ሱቅ በር ላይ ሲቆም መርጋ ገና ወለሉን እየጠረገ ነበር።

"አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ ቲቸር! ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?"

"አልተበላሸም። ያቺ ላፕቶፕ አለች?"

"ያቺ መጫወቻ?" መርጋ ሳቁን ለመያዝ ታገለ።

"ያቺው።"

"አለች። ግን ቲቸር፣ ይሄኛውን እንደ አዲስ ልቀበልዎት አልችልም። ይጎዱበታል።"

"ልጎዳ።"

መርጋ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የለንሳን ፋይሎች ከትልቁ ወደ ትንሿ ማስተላለፍ ጀመረ። ጃርሶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይህን ያደረገው ለሚስቱ አዝኖ ነው? ወይስ ከዚያ ሰው ጋር ለአንድ ስክሪን ጎንበስ እንዳትል ብሎ? ራሱን ጠየቀ፤ ያገኘው መልስ ስላልጣመው ተወው። ሶፎንያስን አሁንም አልወደደውም። ባኮን፣ ማረፊያውን፣ በቆሎውን ሁሉ አልወደደውም። አንድ ወር የእሱ ያልሆነ ሳቅ ልትስቅ ነው፤ ሲስቁ መስማት እንኳ አይችልም።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስገባልዎት" አለ መርጋ ላፕቶፗን ወደ እሱ እያዞረ። "ብትሰረቅ የት እንዳለች በካርታ የሚያሳይ ነው። እዚህ አምቦ ቁጭ ብለው ባኮ ትሁን፣ እጃጂ ትሁን በስልክዎ ያዩዋታል። የትኛው መንገድ፣ የትኛው ግቢ እንዳለች ሁሉ! ስትከፈትም ይነግርዎታል።"

ጃርሶ ቀና አለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የሚጠይቀው የለም፣ የሚያውቅበት የለም። ንብረትን መጠበቅ ነውር ነው የሚል ሰውም አይገኝም። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ ያያታል። ነጥቧ ማረፊያው ግቢ ውስጥ ከሆነች ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል። ግን ማን ክፍል ውስጥ እንዳለች ነጥብ ይናገራል? አይናገርም። እንደገና ያያል። ሌሊቱን ሙሉ ያያል። ስትመለስም ዓይኗን እያየ የማያውቅ መስሎ "እንዴት ነበር?" ይላታል።

"ስልክዎን ይስጡኛ፣ በእርስዎ ቁጥር ልክፈተው" አለ መርጋ እጁን ዘርግቶ።

ጃርሶ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። መርጋ ሊቀበለው ሲል ወደ ራሱ መለሰው። የለንሳን ቁጥር ፈልጎ እያንዳንዱን አኃዝ እየለየ አነበበለት።

"ይሄ የማን ነው?"

"የለንሳ። ዕቃው የእሷ ነው፣ ቢጠፋባት እሷ ትፈልገው" አለ ጃርሶ። ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው፤ መርጋ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስም እጁን ከኪሱ አላወጣም።