ገጽ አርባ አንድ

«እብነ በረድ ላይ ተቀርጾ መግቢያው ላይ ይሰቀላል» አሉ የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ የሻይ ብርጭቆአቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው። «ከባለቤትዎ ከራሳቸው መጽሐፍ ነው የወሰድነው። የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረን።»

ሚስትየው ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የዘረጉላትን ወረቀት ተቀብላ አነበበች፦ «ሰባቱ ደረጃዎች ሕንጻው ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ እዚያው ናቸው።»

የባሏ እህት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ይቺኑ? ሌላ ዓረፍተ ነገር አጥተው ነው?»

«ተይ፣ ሰው አለ።»

ባሏ የቲያትር ቤቱን ታሪክ ሲጽፍ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የሚወጣ ወጣት ነበር። ስለ ደረጃዎቹ አንድ አዛውንት ዘበኛ የነገሩትን አምኖ፣ ሳያጣራ አሳተመው። ኋላ እግሮቹ ከዱትና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። በደረጃው ጎን ተዳፋት መንገድ እንዲሠራ ቢያመለክት፣ «ደረጃዎቹ ቅርስ ስለሆኑ አይነኩም፤ መጽሐፍዎን፣ ገጽ አርባ አንድን ይመልከቱ» የሚል መልስ ከቲያትር ቤቱ መጣለት።

ስምንት ዓመት እሷ እየገፋች፣ እሱ እያነበበ መዝገብ ቤቶችን አዳረሱ። በመጨረሻ የምረቃውን ዕለት ፎቶግራፍ አገኙ። አንድም ደረጃ የለም፤ ፒያኖ በሰፊ ተዳፋት ላይ እየተገፋ ይገባል። አራት ጊዜ ከደብዳቤ ጋር ላከላቸው። እስከ መጨረሻው ግን በጓሮ፣ የመድረክ ዕቃ በሚገባበት በር ነበር የሚያስገቡት። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆኜ ገባሁ መሰለሽ?» ይላት ነበር። «ቁም ሳጥን።»

«ቲያትር ቤቱን እኮ እንደ ቤታቸው ነበር የሚያዩት» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«በጓሮ የሚገባበት ቤት!» አለች እህቲቱ።

«ፎቶውን አይተውታል?» አለች ሚስትየው።

«የቱን ፎቶ?»

«አራት ጊዜ የላከልዎትን።»

«አይ... ደብዳቤ ይበዛብናል። እሱ ይደርሳል፤ አሁን የሐዘን ጊዜ ነው።»

ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ተነስታ ጥግ ወደቆመው ተሽከርካሪ ወንበር ሄደች። ለቀስተኞቹ ካፖርታቸውን ከምረውበታል። አንድ በአንድ አንስታ አልጋ ላይ አኖረችና፣ ከወንበሩ የጎን ኪስ ባሏ ጫፉን ያኘከውን እርሳስ አወጣች። ዓረፍተ ነገሩን ሰርዛ ከሥሩ ጻፈች፦ «ተሳስቼ ነበር። ሲከፈት ደረጃ አልነበረውም።»

«የራሱ ቃል ነው፣ ከአራተኛው ደብዳቤ። ይህን ካልቀረጻችሁ አልፈርምም።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። «ይህ ከተሰቀለማ እርስዎ ተዳፋቱን ሊያሠሩን ነው።»

«እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው።»

እርሳሱን ወደ ኪሱ ስትመልስ፣ ካፖርቱ የተነሳለት ወንበር ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ባሏ ፍሬኑን መያዝ ሁልጊዜ ይረሳ ነበር። ጎንበስ ብላ ያዘችለት።